ስምንት ከሠላሳ

ስምንት ከሠላሳ።
በቀይ እስክሪብቶ፣ ጥጉ ላይ ተጽፎ፣
ወረቀቱ ደረሰኝ በስንት ሰው እጅ አልፎ፤
«የማናት ማህደር?» ሲባባሉ ከፊት እስከ ኋላ፣
«እኔ ነኝ» የሚለው ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ሲጉላላ።

እኔ እኮ፣ የኮዬዋ፣ የብሎክ አርባ ሦስት፣
ሰንደቅ ስር ቆሜ የተጨበጨበልኝ ስንት ጊዜ፣ ስንት!
ጋሽ ወርቅአገኘሁ ኖት እያነበበ፣
መሃል ቢያስነጥሰው፣ ማስነጠሱም ጭምር ደብተሬ ላይ ተከተበ።
ፈተና ሲደርስም፣ እንደ ጎረቤት ድስት፣ አጥቤ አብሼ፣
የተሰጠኝን ነው የሰጠሁት መልሼ።
«ማህደር እንደ ስሟ! የገባ አይወጣም» ብሎኝ ነበር፤
ቃሉ ወርቅ እንዳለው ያኔ ማን ይጠርጥር?

እዚህ ቂሊንጦ ግን መምህሩ ኖት የለው፤
ጠመኔ ይሰብራል፣ ግማሹን ኪሱ ነው የሚጨምረው፣
ሦስት ሰሌዳ ሞልቶ፣ «ይሄ ግልፅ ነው» ብሎ ይወጣል፤
ከክፍሉ ግልፅ የሆነው መስኮቱ ብቻ ይመስለኛል።
በመስኮቱ ማዶ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ስር፣
ጤፍ የሚያጭድ ሰው አለ፤
እሱ እንኳ ያውቃል ከየት እንደሚጀመር።

ኦብሴ፣ የበደሌዋ፣ ከታችኛው አልጋ፣
አንዲት ቀመር ይዛ፣ «ለምን?» ስትል ይነጋ፤
እኔ ከላይ ሆኜ ሃምሳውን ሸምድጄ፣
ጠዋት ስዘረግፍ ባዶ ሆኖ እጄ።
ከአጥሩ ውጪ ጅቡ ሲጮህ ይሰማኛል፤
እሱም እንደኔ ነው፣ ያንኑ አንዱን ዜማ ይደጋግማል።

የኮዬ መብራት ማታ ከዶርማችን ይታያል፣
ቤቴ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ግን ስምንት ይዞ መሄድ ይከብዳል።
አባዬ ሲደውል፣ «እንዴት ነው ትምህርቱ?»
«ደህና ነው።»
በሦስት ፊደል ብቻ ተጋረደ ስምንቱ።

ቅዳሜ ሄድኩኝ። አባቴ ሥራ ላይ ነበረ፣
አራተኛ ፎቅ፣ ጉልበቱ ላይ ጎማ እንዳሰረ።
ሌላ ሰው ያነጠፈው ሴራሚክ ነው፤ ያብረቀርቃል፣
ፊቴን አየሁበት።
«ምን ጎደለው?» አልኩት። «ቆይ» አለኝ፣ «ይታወቃል።»
በመዶሻው እጀታ ወለሉን ነካ ነካ፣
አንዱ «ጥቅ» ይላል፣ ሌላው «ቧ!»
ውስጡ ባዶ ለካ!
«ከስሩ ሲሚንቶ የለም፤ ለዓይን ነው የተደረደረ፤
ቁምሳጥን የቆመ ዕለት፣ በቃ፣ ተሰበረ።»

ስለኔ አልነበረም። ስለ ወለሉ ነው ያወራው።
እኔ ግን እዚያው ተቀመጥኩ፣ አቧራው ላይ።
«ስምንት አገኘሁ» አልኩት።
«ከስንት?»
«ከሠላሳ።»
ዝም ብሎ ቆየና፣ መዶሻውን ከመሬት አነሳ።
«ሃያ ሁለቱን አንኳኪያቸዋ!» አለኝ፣
እጀታውን በኔ በኩል አዙሮ እያቀበለኝ።

ሰኞ ቢሮው ሄድኩ፤ ሁለቴ ከበሩ ተመልሼ።
«መምህር፣ ያ ግልፅ ነው ያሉት… ግልፅ አይደለም ለኔ።»
ቀና ብሎ አየኝ። ወንበር ሳበልኝ ወደ ጎኔ።
«የቱ ጋ ነው የጠፋሽ?»
ይሄን መመለስ ነው ከሁሉ የከበደኝ፤
ወደ ኋላ ስቆጥር፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ጣለኝ።

ሁለተኛው ኩዊዝ አስራ አራት። አላለፍኩም ገና፤
«ግማሽ እንኳ አልሞላም» አለች ኦብሴ፣ መዋሸት አታውቅምና።

አሁን ማታ ማታ፣ ሎከሩም ጅቡም ዝም ሲል፣
በእስክሪብቶ ጫፍ ደብተሬን ነካ ነካ አደርጋለሁ፤
«ቧ» ካለኝ እነቅላለሁ።
አንዲት መስመር «ጥቅ» ያለች ቀን፣ በጨለማ እስቃለሁ።
«ምን ሆንሽ?» ትላለች ኦብሴ ከታች።
«ምንም። አንዷ ገባችኝ።»